ምን ጎደለን?

«ኃጢአት» የሚለውን ቃል በቤታችሁ ውስጥ ለመጨረሻ ጊዜ የሰማችሁት መቼ ነው? በስብከት ወይም በመዝሙር ማለቴ አይደለም፤ ሳሎን ውስጥ፣ ገበታ ላይ፣ ልጆች ባሉበት። እኔ እንደታዘብኩት ቃሉ በአብዛኛው የሚነሳው በዳቦ ምክንያት ነው። ልጅ መሬት የወደቀ ቁራሽ ረግጦ ሲያልፍ «ኧረ ኃጢአት ነው፣ አንሳው!» ይባላል። የተረፈ እንጀራ ቆሻሻ ውስጥ ሲጣል ይባላል። ድመት በድንጋይ ሲመታም ይባላል። ከዚህ ውጭ ግን ቃሉ ከቤታችን ወጥቶ ቤተ ክርስቲያን የተቀመጠ ይመስላል። በቤት ውስጥ ቦታውን የያዘው «ነውር» ነው። የነውር የቅርብ ዘመዱ ደግሞ «ሰው ምን ይላል?» ነው፤ ሰው ካላየ ነውርም የለም። ኃጢአት ግን ሰው አየው አላየው ያው ኃጢአት ነው። ልጆቻችን ሁለቱን ቀላቅለው ነው የሚያድጉት፤ ብዙዎቻችንም እንደዚያው አድገናል።

በዚህ ወር ስለዚህ ቃል እንጨዋወት። ክርስቲያን ያልሆናችሁ አንባቢዎቼም ገጹን አትግለጡት፤ አዳምና ሔዋን የሁላችንም ዘመዶች ናቸው። እኔ የነገረ መለኮት ምሩቅ አይደለሁም። የተማርኩት ቢዝነስ፣ እንጀራዬ ማርኬቲንግ ነው። ሥራዬ በአጭሩ ሲገለጽ፣ ሰው አንድ ነገር እንደጎደለው እንዲሰማው ማድረግ፣ ከዚያም ጎዶሎውን የሚሞላው ዕቃ እኛ ዘንድ እንዳለ መንገር ነው። በዚህ ዓይን ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 3ን የሚያነብ ሰው የሚያውቀውን ሙያ እዚያ ያገኘዋል።

መጀመሪያ ግን ቃሉን እንየው። በግእዝ «ኀጥአ» ማለት አጣ፣ ሳያገኝ ቀረ ማለት ነው። በየቀኑ የምንናገረው አማርኛ «አጣ» የመጣውም ከዚሁ ሥር ነው። ስለዚህ ኃጢአትና ማጣት የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። የብሉይ ኪዳኑ የዕብራይስጥ ቃልም ወደዚሁ ያዘነብላል። መጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 20 ከብንያም ነገድ ስለሆኑ 700 ግራኝ ወንጭፈኞች ይተርካል፤ በአንዲት ፀጉር ላይ ቢያነጣጥሩ እንኳ ድንጋያቸው እንደማይስት ለመናገር የገባው ግስ በሌላ ቦታ «ኃጢአት ሠራ» ተብሎ የሚተረጎመው ያው ግስ ነው። የሐዲስ ኪዳኑ የግሪክ ቃል «ሐማርቲያ»ም ዒላማ መሳት ማለት ነው። ሕግ መተላለፍ የለበትም ማለቴ አይደለም፤ ቅዱሳት መጻሕፍት ይህንንም ይላሉ። ነገር ግን «ኃጢአት» ስንባል ብዙዎቻችን የምናስበው የክልከላ ዝርዝርን ብቻ ነው፤ ቃሉ ግን በውስጡ የጠፋ ነገር ይዟል።

አሁን ወደ ገነት እንግባ። ማርኬቲንግ የተማረ ሁሉ ከመጀመሪያዎቹ ትምህርቶች አንዱ ላይ የሚያገኛቸው አራት እርከኖች አሉ፦ ትኩረት መሳብ፣ ጉጉት መፍጠር፣ ምኞት ማሳደር፣ ወደ ተግባር ማስገባት። እባቡ አራቱንም ያውቃቸዋል። ንግግሩን የሚጀምረው ምርቱን በማሞገስ አይደለም፤ በጥያቄ ነው። የገነት ዛፎች ሁሉ ተከልክለውባችኋል ወይ ብሎ ይጠይቃል። ልብ በሉ፣ የተከለከለው አንድ ዛፍ ብቻ ነው፤ የቀረው ሁሉ ተፈቅዷል። ጥያቄው ግን የተፈቀደውን ሁሉ ከዓይን ሰውሮ የተከለከለውን አንዱን መሐል ላይ ያቆመዋል። ሔዋን ታርመዋለች፤ ስታርመው ግን በትእዛዙ ውስጥ ያልነበረ ነገር ትጨምራለች፣ መንካትም ክልክል ነው ትላለች። ክልከላው ከነበረው ከፍ ብሎ መታየት ጀምሯል። ቀጥሎ እባቡ ከናንተ የተደበቀ ነገር አለ የሚለውን ወሬ ያቀብላል። ከዚያ በኋላ ሻጩ ዝም ይላል፤ ጥሩ ሻጭ መቼ ዝም ማለት እንዳለበት ያውቃል። ዛፉን ለብቻዋ ታየዋለች፤ ለመብል ያምራል፣ ለዓይን ያስጎመጃል፣ ጥበብ ይሰጣል። ትወስዳለች፣ ትበላለች፣ አጠገቧ ላለው ባሏም ትሰጠዋለች።

ፍሬው ምን እንደነበር መጽሐፉ አይነግረንም። ምዕራባውያን ሠዓሊዎች ፖም አድርገውታል፤ በላቲን ክፉ ለሚባለው ነገርና ለፖም የሚያገለግሉት ቃላት አንድ ዓይነት አጻጻፍ ስላላቸው ነው ይባላል። እኛ ዘንድ ዕፀ በለስ ነው። በታሪኩ ውስጥ በስሙ የተጠራው የበለስ ቅጠሉ ብቻ ነው፤ እሱም በኋላ ለሌላ ጉዳይ ነው የሚመጣው።

እኔን ሁልጊዜ የሚያቆመኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ እነዚህ ሁለት ሰዎች ምን ጎድሏቸው ነበር? ምንም። ምግብ አለ፣ ሥራ አለ፣ ትዳር አለ፣ አመሻሽ ላይ የሚመላለስ ፈጣሪ አለ። የክርስትናው አስተምህሮ ስለ ኃጢአት የሚለውን በእኔ ቋንቋ ብናገረው፣ ያልጎደለውን ሰው ጎደለህ ብሎ ማሳመን፣ አምኖ ሲከተልም የነበረውን በእውነት ማሳጣት ነው። ሐሰተኛው ጎዶሎ እውነተኛውን ጎዶሎ ይወልዳል።

ይህን ከሁሉ በላይ ግልጽ አድርጎ የጻፈው ሰሜን አፍሪካዊው አውግስጢኖስ (እ.ኤ.አ. ከ354 እስከ 430) ይመስለኛል። «ኑዛዜ» በሚለው መጽሐፉ በ16 ዓመቱ ከጓደኞቹ ጋር በሌሊት የሰው ዛፍ አራግፈው ፒር የተባለውን ፍሬ እንደሰረቁ ይተርካል። አልራበውም ነበር። ቤቱ ከዚያ የተሻለ ፍሬ ነበረው። የሰረቁትን አብዛኛውን ለዓሣማ ነው የጣሉት። ጎልማሳ ሆኖ፣ ጳጳስም ከሆነ በኋላ፣ ከሌሎቹ ጥፋቶቹ ይልቅ ስለዚህች ተራ ሌብነት ገጽ ላይ ገጽ ይጽፋል፤ ምክንያቱም ምንም ምክንያት አላገኘላትም። ወጣት ልጅ ያላችሁ ወላጆች «ምን ጎድሎብህ ነው?» ብላችሁ ጠይቃችሁ ልጁ መልስ ሲያጣ ካያችሁት፣ ልጁ መልሱን የደበቀ ላይሆን ይችላል።

የግብፅ በረሃ መነኮሳትም እንደ ማስታወቂያ ባለሙያ ያስቡ ነበር ብል አታጋነንክ አትበሉኝ። እ.ኤ.አ. በ399 ያረፈው ኤቫግሪዮስ ሰውን የሚያስቱትን ነገሮች ስምንት አድርጎ ሲዘረዝር «ኃጢአቶች» አላላቸውም፤ «ሐሳቦች» ነው ያላቸው። ሆዳምነት፣ ዝሙት፣ ገንዘብ መውደድ፣ ትካዜ፣ ቁጣ፣ ስልቹነት፣ ከንቱ ውዳሴ፣ ትዕቢት። በሮም ታላቁ ጎርጎርዮስ በኋላ ሰባት ያደረጋቸው እነዚህን ነው። መነኮሳቱን ያሳሰባቸው ሐሳቡ መምጣቱ አልነበረም፤ በር ያንኳኳን ሁሉ መከልከል አይቻልም። ጉዳዩ ቁጭ በል ብሎ ቡና ማፍላቱ ላይ ነው። ስልካችሁን ከፍታችሁ የሰው ሶፋ፣ የሰው ሽርሽር፣ የሰው ልደት ስታዩ የምታሳልፉትን ሰዓት አስቡት። የእኛ ሙያ ያንን ሰዓት ይሸጣል፣ ይገዛል።

ከተበላ በኋላስ ምን ሆነ? መብረቅ አልወረደም። የመጀመሪያው ውጤት ስፌት ነው፤ የበለስ ቅጠል ሰፍተው ለበሱ። እርስ በርሳቸው ሳይተፋፈሩ ይኖሩ የነበሩ ባልና ሚስት ነበሩ፤ አሁን ግን አንዱ ከሌላው የሚሸፍነው ነገር አለው። ቀጥሎ ዛፎቹ መሐል ተደበቁ። ፈጣሪ የት እንዳለ ሲጠይቀው አዳም ቦታውን አይናገርም፣ ፍርሃቱን ይናገራል። በላህ ወይ ሲባል ደግሞ ለአንድ ጥያቄ ሁለት ክስ ይመልሳል፤ አንዱ ሚስቱ ላይ፣ ሌላው እሷን በሰጠው ላይ። እሷም በተራዋ ወደ እባቡ ትጠቁማለች። ከጥቂት ጊዜ በፊት አጥንቷ ከአጥንቱ ነው ብሎ የተደሰተባት ሰው ነው ይህን የሚለው።

እዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ፤ ምክንያቱም ይህ ትዕይንት በየቤታችን በየሳምንቱ ይታያል። ልጁ ደኅና ውጤት ሲያመጣ «ልጄ» ነው፣ ሲያጠፋ «ልጅህን ምከረው» ነው። ቋንቋችን ራሱ መደበቂያ ዛፍ አለው። ልጅን «ብርጭቆውን ማን ሰበረው?» ብላችሁ ጠይቁት። «ሰበርኩት» አይልም፤ «ተሰበረ» ይላል። ትንሽ ደፈር ካለ «ወደቀ» ይላል፤ ብርጭቆው በገዛ ፈቃዱ እንደዘለለ። ልጁ ያድግና መሥሪያ ቤት ሲገባ «ክፍተት ተፈጥሯል» ብሎ ሪፖርት ይጽፋል። ማን ፈጠረው? ዝም። የክርስትናው ትምህርት የኃጢአት ጉዳት የሚለው መበላቱን ብቻ ሳይሆን ይህን መደበቅና ይህን መወነጃጀል ጭምር ነው። ቅጣት ተብሎ ከላይ ከመውረዱ በፊት ከውስጥ የተጀመረ መለያየት ነው፦ ሰው ከፈጣሪው፣ ባል ከሚስቱ፣ ሰው ከገዛ ገላው፣ በመጨረሻም እሾህ ከምታበቅልበት መሬት ጋር።

በነገራችን ላይ «ኃጢአት» የሚለው ቃል በዚህ ምዕራፍ ውስጥ አንድም ጊዜ አይገኝም። የመጀመሪያ ጊዜ ብቅ የሚለው ምዕራፍ 4 ላይ ነው፣ በሁለት ወንድማማቾች መካከል። የአቤል መሥዋዕት ተወደደ፣ የቃየን አልተወደደም፣ የቃየን ፊት ጠቆረ። ቃሉ የሚነሳው ቃየን ገና እጁን ሳያነሳ ነው፤ ደጅ ላይ እንዳደባ አውሬ ሆኖ ይሣላል፣ ሊያሸንፈውም እንደሚገባ ይነገረዋል። ለዚህ ነው ልጆችን እርስ በርስ ማወዳደር እንደ ቀላል ነገር ሊታይ አይገባውም የምለው። «እህትህን አታያትም?» የምትለው ዓረፍተ ነገር ለወላጅ ማበረታቻ ናት፤ ለልጁ የጎዶሎው ማስታወቂያ ናት።

ታዲያ የጠፋው እንዴት ይመለሳል? ቤተ እምነቶች እዚህ ላይ መንገዳቸው ይለያያል። በኦርቶዶክስ ቤት የንስሐ አባት አሉ፤ ኑዛዜ ሰምተው ስግደት፣ ጾም ወይም ምጽዋት በቀኖና ይሰጣሉ። በካቶሊክም ኑዛዜ ለካህን ነው። ወንጌላውያኑ በቀጥታ ለእግዚአብሔር መናዘዝን ያስተምራሉ። ይቅርታ ከፈጣሪ መሆኑ ላይ ሁሉም ይስማማሉ፤ የተበደለው ሰውስ የሚለው ግን በየቤታችን ቶሎ ይረሳል። ኦሪት ዘኁልቁ ምዕራፍ 5 ላይ የበደለ ሰው ኃጢአቱን ተናዝዞ የወሰደውን ሙሉውን ከመለሰ በኋላ አንድ አምስተኛ ይጨምርበታል። የ500 ብር ነገር ያጠፋ 600 ብር ይመልሳል ማለት ነው። ቀራጩ ዘኬዎስ ደግሞ አራት እጥፍ ለመመለስ ቃል ገብቷል። እኛ ልጆቻችንን «ይቅርታ በል፣ ሳማት» ብለን እናሰናብታለን። የእህቱን የቀለም እርሳስ የሰበረ ልጅ ከራሱ ሳጥን ሁለት ቢሰጣትስ? የሂሳብ ትምህርትም ይሆነዋል።

ከባዱ ጥያቄ ግን የሚመጣው ስለ ውርስ ስናነሳ ነው። አዳም ያጠፋው ለእኛ ምን አተረፈልን? አውግስጢኖስ የሰው ልጅ ሁሉ በአዳም ውስጥ ሆኖ በድሏል፣ በደሉንም ይወርሳል ወደሚለው ሄደ፤ እ.ኤ.አ. በ418 በካርታጎ የተሰበሰቡ ጳጳሳትም ሰው ያለ ጸጋ በራሱ ጥረት መጽደቅ ይችላል የሚለውን የጴላግዮስን ትምህርት አወገዙ። የምሥራቅ አባቶች አብዛኞቹ ደግሞ የምንወርሰው ሞትንና የተጎዳ ባሕርይን ነው፣ በደሉ ግን የየራሳችን ነው ይላሉ። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ጉዳዩ «ጥንተ አብሶ» ይባላል። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና የሚነሱት ለምን እንደሆነ አያቶቻችንን ብትጠይቁ መጽሐፈ ኩፋሌን ይጠቅሳሉ፤ አዳም ገነት የገባው በተፈጠረ በ40 ቀኑ፣ ሔዋን በ80 ቀኗ ነው ብሎ ይተርካልና። በዚያን ጊዜ ያገኙትና በኋላ ያጡት ልጅነት ነው፤ ሕፃኑ በጥምቀት የሚቀበለውም ያንኑ ልጅነት ነው ይባላል። እዚህም ማጣት አለ። መካነ ኢየሱስም ሕፃናትን ታጠምቃለች፤ ከሌሎቹ ወንጌላውያን ብዙዎቹ ግን ሰው አምኖ በራሱ አንደበት እስኪመሰክር ይጠብቃሉ።

ይህ ሁሉ የሊቃውንት ክርክር ሆኖ ቢቀር ደግ ነበር። ግን ወደ ሰፈራችን ሲወርድ ሌላ መልክ ይይዛል። ልጅ መናገር ሲዘገይ፣ እግሩ ሳይጠና ሲቀር፣ የሚጥል ሕመም ሲነሳበት፣ «የማን ኃጢአት ነው?» የሚል ሹክሹክታ ይጀመራል። አንዳንዴ ከጎረቤት፣ አንዳንዴ ከአማት፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ ከእናትየው ከራሷ ልብ። በዚህ ምክንያት እንግዳ ሲመጣ ጓዳ የሚገቡ ልጆች አሉ፤ በግቢ ቤትም፣ በኮንዶሚኒየምም፣ በቪላም። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ሲከፍቱ ራሳቸው የኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2021 እስኪያርፉ ድረስ ስለነዚህ ልጆች በአደባባይ ሲናገሩ ኖረዋል። ብዙ ቤቶች በር የከፈቱት ከእሳቸው በኋላ ነው ብዬ አምናለሁ።

ለሹክሹክታው መልስ የሚሆነው ከራሱ ከመጽሐፉ ነው። ትንቢተ ሕዝቅኤል ምዕራፍ 18 ልጅ የአባቱን በደል እንደማይሸከም በረጅሙ ያስረዳል። የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ደግሞ ጥያቄውን ፊት ለፊት ያነሳዋል፤ ደቀ መዛሙርቱ ዓይነ ስውር ሆኖ ስለተወለደ ሰው፣ ኃጢአቱ የእሱ ነው ወይስ የወላጆቹ ብለው ይጠይቃሉ። ኢየሱስ የማንም አይደለም ብሎ ይመልሳል። ከናንተ መካከል መጻጕዕን የሚያነሳልኝ እንደሚኖር አውቃለሁ። በዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ ታሪኩ የሚነበብለት፣ 38 ዓመት የታመመው ሰው ከዳነ በኋላ ዳግም እንዳይበድል ተነግሮታል። ልክ ነው። ነገር ግን የተነገረው ለራሱ ነው፣ ስለ ወደፊቱ ነው፣ የተናገረውም ያዳነው ነው። አልጋው አጠገብ ለሚያልፍ ሰው ሁሉ የተሰጠ የመመርመር ፈቃድ አልነበረም። ከአንዱ በሽተኛ የምናገኘውን መልስ በሌላው ልጅ ግንባር ላይ መለጠፍ አንችልም፤ ምዕራፍ 5 እና ምዕራፍ 9 በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ጎን ለጎን የተቀመጡ ናቸውና።

ምዕራፍ 9ን እስከ መጨረሻው ለማንበብ ጊዜ ካላችሁ ወላጆቹ የሚገቡበትን ቦታ አትለፉት። ልጃቸው ማየት ጀምሯል፣ ፈሪሳውያን ጠርተው ይጠይቋቸዋል። ልጃችን ነው፣ ዓይነ ስውር ሆኖ ተወልዷል ይላሉ። እንዴት እንዳየ ሲጠየቁ ግን ትልቅ ሰው ነው፣ ራሱን ጠይቁት ብለው ያልፋሉ። ከምኩራብ እንዳይባረሩ ፈርተው እንደሆነ ወንጌሉ ይነግረናል። ስንት ዓመት «የማን ኃጢአት ነው?» ሲባሉ እንደኖሩ መገመት አያስቸግርም።

ሌላም ነገር አለ። ደቀ መዛሙርቱ ያንን ጥያቄ የጠየቁት በመንገድ ሲያልፉ፣ ሰውዬው እዚያው በአጠገባቸው ሳለ ነው። ማየት ባይችልም ይሰማ ነበር።